ከጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና በኋላ አረጋዊ ወላጅን በቤት ውስጥ የማስታመም ዝርዝር መመሪያ

እናት ወይም አባት የጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና አድርገው ወደ ቤት ሲመለሱ ቤተሰቡ የሚያውቀው የማስታመም ወግ አንድ ነው። አልጋ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ምግቡም ውኃውም አልጋቸው ድረስ ይቀርባል፤ ለመነሳት ሲሞክሩ ደግሞ «ኧረ ይተኙ፣ እኛ እያለን!» ይባላሉ። ይህ ወግ ለብዙ ሕመም ይሠራል፤ ለተቀየረ ጉልበት ግን አይሠራም። አዲሱ መገጣጠሚያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደንብ ካልተንቀሳቀሰ በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳ እየጠነከረ ይሄድና፣ ቀዶ ሕክምናው የቱንም ያህል በጥሩ እጅ የተሠራ ቢሆን፣ እንደልብ የማይዘረጋና የማይታጠፍ እግር ይዞ መቅረት ይመጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለሚያስታምሙት ልጆችና ዘመዶች ነው። ለአጻጻፍ እንዲመች «እናታችሁ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አባትም ቢሆኑ ነገሩ ያው ነው። የቀዶ ሐኪማቸው ትእዛዝ እዚህ ከተጻፈው የሚለይ ከሆነ የሐኪሙ ይቀድማል።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው «ብረቱ ይወልቅ ይሆን?» የሚለውን ስለሆነ፣ የተሠራውን ነገር አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። ሐኪሙ የጭን አጥንቱን የታችኛ ጫፍና የቅልጥሙን የላይኛ ጫፍ ከተበላው ልም አጥንት ጋር በስሱ ቆርጦ ያነሳና ሁለቱንም በብረት ይሸፍናቸዋል፤ በመካከላቸውም የልም አጥንቱን ሥራ የሚሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። ብረቱ በአብዛኛው ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በደቂቃዎች በሚደርቅ የአጥንት ሲሚንቶ ነው። በመሆኑም እናታችሁ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በድጋፍ ቆመው ቢራመዱ ብረቱ አይወልቅም። ገና መዳን ያለበት በዙሪያው ያለው ቆዳ፣ ጡንቻና ጅማት ነው፤ ሕመሙም እብጠቱም የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ስለ ብረቱ ዕድሜ ለሚጨነቅ ደግሞ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። ለ70 ዓመት ሰው እንግዲህ የሚያሳስበው የብረቱ ዕድሜ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አያያዝ ነው።

አንደኛ፦ ቤቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት

ይህ ሥራ ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን የሚጀመር አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መጠናቀቅ አለበት። መኝታቸው መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሆነ ወደ አልጋ ይቀየር። የአልጋውም ሆነ የወንበሩ ከፍታ፣ ሲቀመጡበት ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ የማይልበት መሆን አለበት። ስምጥ ያለ ሶፋ፣ ዱካና በርጩማ ለጊዜው ከእሳቸው አጠገብ ይራቁ፤ በምትኩ ሁለት የእጅ መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተትና የማይሽከረከር ጠንካራ ወንበር ይዘጋጅላቸው። በእጅ ተደግፎ መነሳት በእነዚያ ሳምንታት የሁሉም ነገር መጀመሪያ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው መጸዳጃ ቤቱ ነው። በቁጢጥ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ለአዲስ ጉልበት ፈጽሞ አይሆንም፤ መቀመጫው ተቆርጦ የተከፈተ ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ማስቀመጥ ወይም ለአልጋ አጠገብ ባልዲ ያለው የመጸዳጃ ወንበር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሌሊቱ የተለየ መላ አስቡ፤ በሽንት ፍራቻ ውኃ መጠጣት የሚያቆሙ እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ደግሞ የሆድ ድርቀትንና ራስ ማዞርን ይጋብዛል። ከበር ደፍ ጀምሮ እስከ አልጋቸው ድረስ ያለው መንገድ ከተጣጠፈ ምንጣፍ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድና ከልጆች መጫወቻ ይጽዳ። መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ወይም ስልክ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይደር።

ቤታቸው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ምድር ቤት ባለው ዘመድ ዘንድ ማሳለፉ ከሁሉ ይሻላል። በደረጃው ተሸክሞ ማውጣት ለተሸካሚውም ለታካሚዋም አደጋ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለክትትልና ለፊዚዮቴራፒ ለመውረድ እየሰነፉ ቀጠሮ መቅረት ይመጣል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ደግሞ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጋር ደረጃ መውጣትንና መውረድን ይለማመዱ።

ስኳር ካለባቸው መጠኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይስተካከል፤ ከፍ ያለ ስኳር ቁስል እንዳይድንና ኢንፌክሽን እንዲገባ ያመቻል። የታመመ ጥርስም ቀድሞ ይታከም።

ሁለተኛ፦ የሆስፒታሉ ቀናት

አብዛኞቹ ታካሚዎች የሚቆዩት ከ1 እስከ 4 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዝ ባለ አራት እግር የመራመጃ ድጋፍ) ተደግፈው መቆምና ጥቂት መራመድ ይጀምራሉ። አልጋ ላይ ባሉበት ጊዜም ነቅተው እስካሉ ድረስ በየሰዓቱ ከ10 እስከ 20 ጊዜ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ራሳቸው እየሳቡ መልሰው ወደታች እየገፉ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ቀላል ቢመስልም፣ ይህ እንቅስቃሴ በባታቸው ውስጥ ያለውን ደም ወደ ላይ የሚገፋ ስለሆነ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ለዚሁ ሲባል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በእንክብል ወይም ሆድ ላይ በሚወጋ መርፌ ይታዘዛል፤ እንደ ሐኪሙ ምርጫ ከ2 እስከ 5 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። እግራቸው ደህና ስለመሰለ ብቻ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ በጽሑፍ የምትይዟቸው ነገሮች አሉ፦ የደም ማቅጠኛው የሚያበቃበት ቀን፣ ስፌቱ የሚወጣበት ቀን፣ እግሩ ሊሸከም የሚችለው ክብደት፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮና ሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚደወልበት ስልክ። የተገጠመው ብረት ዓይነትና መጠን የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ወይም ካርድ ቅጂም ይሰጣችሁ። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ መቀየር ቢያስፈልግ ሌላው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። በተለይ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሄደው ለሚታከሙ ወላጆች ይህች ወረቀት ዋጋዋ ብዙ ነው። እነሱ ረጅም በረራ ስለሚጠብቃቸውም የመመለሻውን ቀን ቲኬት ቆራጩ ሳይሆን ቀዶ ሐኪሙ ይወስን፤ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል።

ሦስተኛ፦ ትራሱን ከጉልበት ሥር ማውጣት

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቤተሰብ በፍቅር ከሚያደርሰው ጉዳት ዋናው ይህ ነው። ጉልበት ያመመው ሰው እግሩን ትንሽ አጠፍ ሲያደርግ ሕመሙ ይቀንስለታል። ስለዚህ እናታችሁ «እስኪ ከጉልበቴ ሥር የሆነ ነገር አድርጉልኝ» ይላሉ፤ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳም ትራስ ያቀብላል። ጉልበቱ በዚያው አጠፍ ብሎ ከሰነበተ ግን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ያቅተዋል። ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ሲቆሙም አጠፍ እንዳለ ስለሚቀር የጭን ጡንቻ ዘወትር ይደክማል፤ እርምጃውም ያነክሳል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መታጠፉ ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለ መዘርጋቱ ይበልጥ ብትጨነቁ እመርጣለሁ።

ትክክለኛው አቀማመጥ እንዲህ ነው። ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ከተረከዛቸው በላይ፣ ከቁርጭምጭሚታቸው ሥር አድርጉ፤ ጉልበቱ በአየር ላይ ይቀርና በራሱ ክብደት እየተዘረጋ ወደታች ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይቆዩ። ያማል፤ ቢሆንም ይህ የሚጠበቅ ሕመም ነው። ሲተኙ በጀርባቸው፣ ወይም በጎናቸው ሆነው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ አድርገው መተኛት ይችላሉ።

አራተኛ፦ የዕለት እንቅስቃሴዎች

በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ ልምምድ ያስፈልጋል። የሕመም ማስታገሻቸውን ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይውሰዱ። ከላይ ከጠቀስኩት የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ በተጨማሪ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

እግራቸውን ዘርግተው ሳሉ የጉልበታቸውን ጀርባ አልጋው ላይ እንደሚጫኑ ሆነው የጭናቸውን ጡንቻ ያጠንክሩ፤ እስከ 5 ቆጥረው ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ይድገሙት። ከዚያም ተረከዛቸውን አልጋው ላይ እየጎተቱ ወደ መቀመጫቸው ያቅርቡና ቀስ ብለው ይመልሱ፤ ተረከዙ አንሶላው ላይ እንዳይያዝ ከሥሩ ፌስታል ማድረግ ሥራውን ያቀለዋል። በራሳቸው አቅም መሳብ ካቃታቸው ነጠላ ወይም መቀነት መርገጫቸው ላይ አዙረው በሁለት እጃቸው ይሳቡት። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። የታከመውን እግር መሬት ላይ እያንሸራተቱ የቻሉትን ያህል ወደ ኋላ ያጥፉት፤ ካልቻለ ደህናውን እግር ከፊቱ አድርገው በቀስታ ይግፉት፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይልቀቁ። ጡንቻው ሲጠነክር ደግሞ ጉልበቱን ሳያጥፉ እግሩን ከአልጋው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙ።

ግቡን በቁጥር ማወቅ ያበረታታል። ጉልበት ቀጥ ሲል 0 ዲግሪ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅልጥም ወደ መሬት ቀጥ ሲል 90 ዲግሪ ይባላል። 90ን ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መድረስ ጥሩ ነው፤ በሦስተኛው ወር ከ110 እስከ 120 የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ደረጃ ለመውጣት ከ80 በላይ፣ ከወንበር ለመነሳት 90 ያህል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ለማሰር ከ100 በላይ ይጠይቃል። በስድስተኛው ሳምንት ገና 90 ያልደረሰ ጉልበት ለሐኪሙ ይነገር። በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቱን በማጠፍ ጠባሳውን ማላቀቅ ይቻላል፤ ውጤቱ የሚያምረው ግን በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ሲደረግ ነው።

ከልምምድ በኋላ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስቀመጥ እብጠቱን ይቀንሳል። በረዶው ቆዳቸውን በቀጥታ አይንካ። በማግስቱ ሕመሙና እብጠቱ በጣም ከባሰ ልምምዱ በዝቷል ማለት ነውና ይቀነስ እንጂ አይቁም።

አምስተኛ፦ መራመድና ደረጃ

ከአልጋ ከመነሳታቸው በፊት ጠርዙ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይቆዩ፤ ድንገት መነሳት ራስ ያዞራል። ሲራመዱ ዎከሩ ይቀድማል፣ የታከመው እግር ይከተላል፣ ደህናው መጨረሻ ይመጣል። ወደ ከዘራ ሲሸጋገሩ ከዘራው የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ስህተት ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታከመው እግርና ከዘራው ይቀድማሉ። በመጀመሪያው ወር ከኋላቸው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ አያድርጉ።

ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታ ይደራል፣ እናታችሁም ለክብር ሲሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ፤ ማታ እግራቸው አብጦ ያድራል። ከ45 ደቂቃ በላይ በአንድ ቦታ መቀመጥ የለባቸውም። አንዱ ልጅ መካከል ገባ ብሎ «እማዬ፣ የመራመጃ ሰዓትዎ ነው» ቢል እንግዳው አይቀየምም።

ስድስተኛ፦ ቁስሉ

ስፌቱ ወይም የብረት ማያያዣው በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ቁስሉ ደረቅ ሆኖ ይቆይ፤ ሻወርን የሚፈቅደው ሐኪሙ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ድረስ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይፈቀድም፤ ጸበል መጠመቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ጸበሉን የሚሹ እናቶች ለጊዜው ቁስሉን በማይነካ መንገድ እንዲሆን ከካህኑ ጋር ቢነጋገሩ መግባባት ይቻላል። ቅቤ፣ ፌጦ ወይም ሌላ ቅባት ቁስሉ ላይ አይደረግ። ወጌሻ ጠርቶ ጉልበቱን ወይም ባቱን ማሳሸት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ እግር ውስጥ የረጋ ደም ካለ ማሸቱ ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ሰባተኛ፦ መድኃኒትና ምግብ

ፓራሲታሞል በሰዓቱ ሲወሰድ ብዙ ይሠራል፤ ለአረጋዊ ሰው ሐኪም ካላዘዘ በቀር በ24 ሰዓት ከ3 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ6 እንክብል አይብለጥ። ትራማዶልና መሰሎቹ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ራስ ያዞራሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ አንዳንዴም ያቃዣሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉትን ማስታገሻዎች ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲገናኙ ያደማሉ፣ የአረጋዊውን ኩላሊትም ይጎዳሉ። ለሆድ ድርቀት ውኃ፣ ፍራፍሬና ተልባ ይረዳሉ።

ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ይብሉ። አጥሚት ብቻውን አይበቃም፤ ስኳር ላለባቸው ደግሞ ልክ ይኑረው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ታማሚን ከጾም ነጻ እንደሚያደርጉ እናታችሁ ያውቃሉ፤ ሆኖም ከእናንተ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ቢሰሙት ይቀበላሉ።

ስምንተኛ፦ ሌሊት ሲዘባርቁ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ እናታችሁ ሌሊት ተነስተው የት እንዳሉ ሊጠፋቸው፣ የሞተ ዘመድ ሊጠሩ ወይም ልጃቸውን ላያውቁ ይችላሉ። ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ «ማደንዘዣው አእምሯቸውን ነካው»፣ አንዳንዱም ሌላ ነገር ያስባል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአረጋውያን ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚያልፍ መታወክ ነው። መነሻው የመድኃኒት ጠባይ፣ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የውኃ ማነስ፣ የሽንት መቋጠር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ መነገሩ ግድ ነው። እስከዚያው መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አድርጉላቸው፣ ቀን መስኮቱን ክፈቱ፣ ሌሊት ደብዘዝ ያለ መብራት ተዉ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር። አትከራከሯቸው፤ አታስሯቸውም።

ዘጠነኛ፦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም ያለበት ሳል ወይም ራስን መሳት የረጋ ደም ወደ ሳንባ የመሄዱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ባት ሲነካ ማመምና እየጨመረ የሚሄድ እብጠት በዚያው ቀን ይታይ። ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም የማያቋርጥ ፈሳሽ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ሲሻለው ቆይቶ እንደ አዲስ የባሰ ሕመም የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። በቤት ውስጥ ባለ የተረፈ አንቲባዮቲክ ማስታገስ ግን ነገሩን ከመሸፈን በቀር አይጠቅምም፤ ብረቱ ላይ የሰፈረ ጀርም በዚያ አይጠፋም።

በሌላ በኩል ከጠባሳው ውጭኛ ጎን ያለ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ለወራት የሚቆይ ሙቀትና ማታ ማታ የሚመጣ መጠነኛ እብጠት የተለመዱ ናቸው።

አሥረኛ፦ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ብዙዎች «ምነው ባላስነካሁት ኖሮ» ይላሉ። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሕመሙ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ይህ ስሜት የተለመደ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ብዙዎቹ በከዘራ ወይም ያለ ከዘራ ይራመዳሉ፣ ቀላል የቤት ሥራም ይሠራሉ። መኪና የሚነዱም ቢሆኑ በዚያው ጊዜ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ወር የዕለት ኑሮ ይስተካከላል፤ ሙሉ መሻሻሉ ግን አንድ ዓመት ያህል ሊወስድ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ከአምስቱ አንድ ያህል ታካሚ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይረካ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ተስፋን ልክ ያስይዛል።

የእኛን አረጋውያን ከሁሉ የሚያሳዝነው መንበርከክ ነው። መንበርከክ አዲሱን ጉልበት አይሰብረውም፤ ግን ያማል፣ ስሜቱም እንግዳ ነው፤ ብዙዎች ደግመው አይሞክሩትም። የሚፈልጉ ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐኪም ፈቃድ፣ ወፍራም ትራስ ላይ በእጅ ተደግፈው ሊሞክሩ ይችላሉ። ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደት ጉልበትን እስከ መጨረሻው ስለሚያጥፍ ለአብዛኞቹ አይሆንም፤ ቆመው ጎንበስ በማለት ወይም ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ፤ ሙስሊሞችም ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ይፈቀድላቸዋል። በቁጢጥ መቀመጥና ረከቦት አጠገብ ዱካ ላይ ቡና ማፍላት ከአሁን በኋላ ይቅር፤ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ይቻላል።

ዋና፣ በጠፍጣፋ ቦታ መራመድና የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ለወደፊቱም ጥሩ ናቸው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን የጥርስ መግል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የእግር ቁስል በደም በኩል ወደ ብረቱ ሊደርስ ስለሚችል በጊዜው ይታከም፤ ለጥርስ ሐኪሙም ሰው ሠራሽ ጉልበት እንዳላቸው ይነገረው። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ብረቱ ማሽኑን ሊያስጮኸው ይችላል፤ እናታችሁ ለፈታሾቹ ቀድመው ይንገሯቸው፣ ጠባሳውንም ለማሳየት የሚመች ልብስ ይልበሱ።